አንድ ሰው፣ አንድ ቁልፍ፦ ጥሪ ከኬንያዋ ሞያሌ

«እንቆቅልህ?»

«ምን አውቅልህ!»

ይህን ሳይባባል ያደገ አማርኛ ተናጋሪ ያለ አይመስለኝም። ማታ እራት ተበልቶ ከተነሳ በኋላ ጠያቂው ይጠይቃል፤ ተጠያቂው ይገምታል፣ ይስታል፣ እንደገና ይገምታል። ሲያቅተው ግን መልሱ በነፃ አይሰጠውም። ጠያቂው «አገር ስጠኝ» ይላል። ጎንደርን ይሰጡታል፣ ሐረርን ይሰጡታል። እሱም የተሰጠውን አገር ገብቶ፣ በልቶ ጠጥቶ፣ ተሸናፊውን እንደልቡ ተርቦ ሲያበቃ ነው መልሱን የሚገልጠው። ያቺ የተረብ ደቂቃ ታንገበግባለች። ስለምታንገበግብም መልሱ ዕድሜ ልክ አይረሳም።

እዚህ በኬንያዋ ሞያሌ ደግሞ ልጆች በስዋሂሊ ሲጫወቱ ስሟቸው። አንዱ «ኪቴንዳዊሊ!» ብሎ ይጮኻል። የተቀሩት «ቴጋ!» ይሉታል፤ ወጥመድህን ዘርጋ እንደማለት ነው። ፍቺው ሲጠፋቸው ጠያቂው ከተማ ስጡኝ ይላል። ሞምባሳን ይሰጡታል፤ እሱም ሞምባሳ ደርሶ ተመልሶ መልሱን ይነግራቸዋል። አንዱ ቋንቋ ሴማዊ፣ አንዱ ባንቱ፤ ሕጉ ግን አንድ። ኦሮምኛው ሂቦ አለው፣ ሶማልኛውም ሀል ሂራሌ አለው። በአራት ቋንቋ እንቆቅልሽ የሚያውቅ ልጅ በአንድ መንደር የሚገኝባት ከተማ ውስጥ ነው የምንኖረው።

ይህን ያነሳሁት ናፍቆቴን ላወጋችሁ አይደለም። ሥራ ስላለብን ነው። በዚህችው ከተማ ኮምፒውተር የሚማሩ ልጆች አሉን፤ ትምህርቱ ግን እንደ ደረቅ እንጀራ ጉሮሯቸው ላይ ቆሟል። ማለስለሻው ደግሞ በእጃችን ነው።

ኢስኬፕ ሩም የሚባለውን ጨዋታ ሰምታችሁ ይሆናል። ተጫዋቾች አንድ ክፍል ውስጥ ይዘጋባቸዋል። ግድግዳው ላይ፣ መሳቢያው ውስጥ፣ መጽሐፉ መሐል ፍንጭ ተደብቋል። አንዱ እንቆቅልሽ ሲፈታ የሚቀጥለው ጓጉንቸር ይከፈታል፤ ሁሉም ሲከፈት በሩ ይከፈታል፤ ሰዓቱ ግን እየቆጠረ ነው። ጃፓናዊው ቶሺሚትሱ ታካጊ እ.ኤ.አ. በ2004 «ክሪምሰን ሩም» ብሎ በኮምፒውተር ላይ የሚሠራ አንድ አወጣ። በ2007 ደግሞ ታካኦ ካቶ የተባለ ሌላ ጃፓናዊ ኪዮቶ ላይ በእውነተኛ ክፍል ውስጥ አጫወተው። ከዚያ ዓለምን አዳረሰ። በኮሮና ጊዜ ክፍሎች ሁሉ ሲዘጉ ጨዋታው ተመልሶ ወደ ኢንተርኔት ገባ፤ መምህራንም ቶሎ ብለው ያዙት።

እኔን የያዘኝ ግን የማድሪዱ ሥራ ነው። በማድሪድ ፖሊቴክኒክ ዩኒቨርሲቲ ያሉ መምህራን የዌብ ፕሮግራሚንግ ኮርስ ለሚወስዱ ተማሪዎቻቸው ኢስኬፕ ሩም ሠሩላቸው፤ ውጤቱንም እ.ኤ.አ. በ2019 አሳተሙ። ተማሪው በሩን ለመክፈት ኮድ መጻፍ ነበረበት። ወደውታል፣ ተምረውበታልም። በ2021 ባሳተሙት ሌላ ጥናት በአካል የተጫወቱትን በርቀት ከተጫወቱት ጋር አስተያዩ፤ በሁለቱም መንገድ ትምህርቱ ገብቶ ተገኘ። በተጨማሪም ኢስካፕ የሚባል ማንም ወስዶ ሊጠቀምበት የሚችል ክፍት ሶፍትዌር አበረከቱ። ከሁሉ የገረመኝ የፍንጭ አሰጣጣቸው ነው። የተቸገረ ቡድን ፍንጭ የሚያገኘው ከኮርሱ የወጡ አጫጭር ጥያቄዎችን መልሶ ሲያልፍ ብቻ ነው። ይህን ሳነብ ብድግ ብዬ ተቀመጥኩ። «አገር ስጠኝ» እኮ ነው! ዋጋ ሳትከፍል መልስ የለም፤ እነሱ ማድሪድ ላይ የደረሱበትን አያቶቻችን ምድጃ ዳር ሲያደርጉት ኖረዋል።

እኔ ፕሮግራሚንግ የተማርኩት በጥቁር ሰሌዳ ነው። መምህራችን ኮዱን በጠመኔ ይጽፉልናል፣ እኛ በደብተር እንገለብጣለን፣ ፈተና ሲደርስ ደግሞ በወረቀት ላይ እንጽፈዋለን። አንዲት ነጠላ ሰረዝ የረሳ ማርክ ይቀነስበታል፤ ማሽኑ ሲቆጣ ግን አላየንም። የኮምፒውተር ክፍሉ በር አብዛኛውን ጊዜ ተቆልፎ ነበር፤ ዕቃው እንዳይበላሽ ተብሎ። ያን በር በመስኮት እያየን ማለፍ ምን እንደሚመስል ስለማውቅ ነው ዛሬ ይህን የምጽፈው። የተቆለፈ በር ተማሪን ሊያስቀረውም ሊያስሮጠውም ይችላል፤ ልዩነቱ ቁልፉን የሚፈልግበት መንገድ ተሰጥቶታል ወይስ አልተሰጠውም የሚለው ነው።

አንድ ቁልፍ፣ ማለትም አንድ በር የሚከፍት እንቆቅልሽ፣ አብረን እንሥራ፤ ነገሩ በወሬ አይገባምና።

አራት ልጆች በአንድ ላፕቶፕ ዙሪያ ተቀምጠዋል እንበል። ገጹ ላይ ባለሦስት አሃዝ ጓጉንቸር ይታያል፤ ከሥሩ አንድ ቃል ብቻ ተጽፏል፦ «ሞያሌ»። ሌላ ምንም የለም። ከአራቱ አንዷ የፊደል ገበታ እየቆጠረች ያደገች ናት። ትንሽ ታፈጣለች፣ ጣቶቿን ታጥፋለች። ሞ የመ ሳብዕ ነው፣ ሰባት። ያ የየ ራብዕ ነው፣ አራት። ሌ የለ ኃምስ ነው፣ አምስት። 745! ትጽፋለች። አይከፈትም። «ልክ ነው እኮ!» ትላለች፤ እውነቷን ነው፣ ለሰው ልክ ነው።

እዚህ ላይ ነው ትምህርቱ የሚጀምረው። ፊደላትን ለኮምፒውተር በቁጥር የሚመዘግበው ዩኒኮድ እ.ኤ.አ. በ1999 ፊደላችንን ሲያስገባ ለሀ 4608 የሚል ቁጥር ሰጠው። ሁ 4609 ሆነ፤ እንዲህ እያለ ይቀጥላል። እያንዳንዱ ቤት ስምንት ስምንት መቀመጫ አለው፤ ሰባቱ ለሰባቱ ድምፆች፣ ስምንተኛው እንደ ሏ እና ሟ ላሉት። ስለዚህ ለ 4616 ላይ ይጀምራል። ሞ ደግሞ 4638 ነው። ከዚህ 4608 ሲቀነስ 30 ይቀራል፤ 30 ለ8 ሲካፈል 3 ደርሶ 6 ይተርፋል። ማሽኑ መቁጠር የሚጀምረው ከዜሮ ስለሆነ መ ለእሱ ሦስተኛው ቤት ነው፣ ሞም ስድስተኛው መቀመጫ። ያ 3 ይተርፈዋል፤ ሌ 4። የጓጉንቸሩ ቁጥር 634 ነበር።

ከዜሮ መቁጠር፣ ረድፍና ዓምድ፣ በማካፈል የሚተርፈውን ቀሪ መጠቀም፤ ሦስት ነገር በአንድ ቃል ተማሩ። የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ከዜሮ መቁጠርን ረስቶ ስንቴ ፕሮግራሙ እንደሚሰበርበት የሚያውቅ መምህር የዚህን ዋጋ አይስተውም። የግዕዝ አኃዝ ዜሮ የለውም፤ ፩ ብሎ ይጀምራል። ልጅቷ የተሳሳተችው ባህሏ ከአንድ ስለሚጀምር ነው፤ ይህንን በአንድ ከሰዓት ያወቀ ተማሪ እስከ ሽበቱ አይረሳውም።

ሁለተኛውን ቁልፍ ከኬላው እናውጣው። የኢትዮጵያና የኬንያ መንግሥታት እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2020 ሞያሌ ላይ የጋራ የድንበር ኬላ አስመርቀዋል። ከአዲስ አበባ በቀኙ ሲነዳ የመጣ ከባድ መኪና እዚህ ሲደርስ ወደ ግራ ይዞራል። መኪናው ብቻ አይደለም የሚዞረው፤ ቀኑም፣ ዓመቱም፣ ሰዓቱም ይዞራል። እንግዲህ በጨዋታው ውስጥ አንድ የጭነት ወረቀት አለ፦ «መስከረም 1 ቀን 2016 ዓ.ም.፣ ከጠዋቱ 2 ሰዓት»። ተማሪው ይህን ወደ ኬንያው የኮምፒውተር መዝገብ አዛውሮ ማስገባት አለበት። ሰዓቱ ለስዋሂሊ ተናጋሪው ልጅ ቀላል ነው፤ ስዋሂሊም ቀኑን ከንጋት ጀምሮ ስለሚቆጥር «ሳ ምቢሊ አሱቡሂ» ማለት ስልኩ ላይ ያለው 8 ሰዓት ነው። ቀኑን ግን ሁሉም ሴፕቴምበር 11 ብለው ይጽፋሉ። ጓጉንቸሩ አይከፈትም።

ለምን? አያቱን የጠየቀ ያውቃል። 2015 ዘመነ ሉቃስ ስለነበር ጳጉሜ ስድስት ሆናለች። በባሕረ ሐሳብ ስሌት 5500 ላይ 2015 ደምረው ለ4 ሲያካፍሉት 3 ይቀራል፤ 3 የቀረበት ዓመት የሉቃስ ነው። ስለዚህ አዲሱ ዓመት የገባው ሴፕቴምበር 12 ቀን 2023 ነበር። አራት መስመር ኮድ ይበቃዋል፤ ያ ኮድ ግን ከዚህ በፊት በደብተራ ራስ ውስጥ ስንት መቶ ዓመት ኖሯል! ልጁ ስልኩን አንስቶ አያቱ ጋ ሲደውል፣ እማማም «ዘመነ ሉቃስማ ጳጉሜ ስድስት ናት ልጄ» ሲሉት፣ ከዚያ በላይ የኮምፒውተር ትምህርት ክብር የት ይገኛል?

ሦስተኛውን ከቦረና እንውሰድ። ቱላ የሚባሉትን ጥልቅ ጉድጓዶች የማያውቅ በዚህ አካባቢ የለም። ዘጠኙ ቱላዎች ዘንድ የማን ከብት መቼ ይጠጣል የሚለውን ተራ የሚመራ ሰው አለ፤ አባ ሄሬጋ ይባላል። ሄሬጋ መቁጠር ነው። ውኃው አንድ፣ ጠጪው ብዙ፣ ተራ የሌለው መንጋ ሁሉን ያጠፋል። በኮምፒውተር ውስጥ አንድ ፕሮሰሰር ብዙ ሥራ ሲጠብቀው የሚገጥመው ችግር ከዚህ አይለይም፤ የማን ተራ ይቅደም፣ ማን ስንት ጊዜ ይቆይ፣ ማንም ሳይጠጣ እንዳይውል ምን ይደረግ። የሁለተኛና የሦስተኛ ዓመት ተማሪ ይህን ከባዕድ መጽሐፍ ሲያጠና ይደክመዋል። አባ ሄሬጋ ሆኖ ተራ አውጥቶ በሩን ሲከፍት ግን ጥማቱን ያውቀዋል። ቦረና ደግሞ የራሱ የቀን አቆጣጠር አለው፤ 27 የቀን ስሞች እየተሽከረከሩ ከጨረቃ ወር ጋር የሚገናኙበትን አያንቱ የሚባሉ ቀን ቆጣሪዎች በቃላቸው ይይዙታል። ይህን በኮድ የሚጽፍ ልጅ ሞጁሎ የሚባለውን የቀሪ ስሌት ከዚያ ወዲያ ማንም ማስረዳት አያስፈልገውም።

የሞባይል ሱቅ ያላችሁ ወንድሞች ደግሞ አራተኛውን ቁልፍ በኪሳችሁ ይዛችሁ ነው የምትዞሩት። ኮከብ፣ መሰላል፣ ዜሮ ስድስት፣ መሰላል ሲደወል የሚወጣው ባለ15 አሃዝ የስልክ መለያ መጨረሻው አሃዝ ዝም ብሎ የተቀመጠ አይደለም፤ የፊተኞቹን 14 በተወሰነ መንገድ ደምሮ የሚገኝ መቆጣጠሪያ ነው። አንዱን አሃዝ ሰርዛችሁ «የጎደለውን ፈልግ» ብትሉ ቁልፍ ሠራችሁ ማለት ነው።

እንግዲህ ጥሪዬ ይህ ነው፦ አንድ ሰው፣ አንድ ቁልፍ። በነሐሴ የኬንያ ትምህርት ቤቶች ለዕረፍት ይዘጋሉ፤ ከድንበሩ ማዶ በኢትዮጵያም ክረምት ነው። የሁለቱም ወገን ልጆች እቤት የሚገናኙባት ወር እሷ ናት። እስከዚያ አርባ ቁልፍ እንሰብስብ። አሥር አሥሩ ሲያያዝ አራት ጨዋታ ይወጣዋል፤ አንዱ ለጀማሪ፣ አንዱ ለፕሮግራሚንግ፣ አንዱ ለኔትወርክና ለደኅንነት፣ አንዱ ለዳታ። አርባ ሰው ነው የሚያስፈልገን፤ በጁምዓ ቀን ከአንድ መስጊድ በር ላይ የሚወጣውን ሕዝብ፣ በእሑድ ከአንድ ቤተ ክርስቲያን የሚወጣውን ያየ ሰው አርባ ብዙ ነው ሊለኝ አይችልም።

ኮምፒውተር የለም የሚለኝ ይኖራል። እኔም ስለማውቅ ነው ይህን ጨዋታ የመረጥኩት። ሠላሳ ተማሪ ላለበት ክፍል ሠላሳ ማሽን አያስፈልግም፤ ሰባት ወይ ስምንት ይበቃል። ጨዋታው የሚፈልገው አራት አራት ሰው በአንድ ስክሪን ዙሪያ ነው፤ ለብቻ የተቀመጠ ተጫዋችማ ይሸነፋል። እጥረታችን ለዚህ ጨዋታ ልኩ ነው። ኢንተርኔት ይቆራረጣል የሚለኝም አለ። ጨዋታውን አንድ ላፕቶፕ ላይ አስቀምጡት፣ አንድ ርካሽ ራውተር አገናኙበት፣ ልጆቹ በስልካቸው ዋይፋዩን ይያዙ፤ ውጭ ያለው ኔትወርክ ቢጠፋ ክፍሉ ውስጥ ያለው አይጠፋም። መብራቱስ? የኬንያዋ ሞያሌ አምፖል ለዓመታት የበራው ከኢትዮጵያ በሚገዛ ኃይል እንደሆነ አትርሱ። በመብራት የተሻገርነውን ድንበር በትምህርት የማንሻገርበት ምክንያት አይታየኝም። ኔትወርክ ደህና በሆነበት ሰዓት ደግሞ በጎግል ፎርም ብቻ እንኳ መጀመር ይቻላል፤ ትክክለኛው መልስ ካልተጻፈ ወደሚቀጥለው ገጽ አያሳልፍም፤ ናይሮቢ ያለው ልጅ፣ ያቤሎ ያለችው እህቱ፣ ሞያሌ ያለው የአክስታቸው ልጅ በአንድ ቡድን ይጫወታሉ።

መልሱን ግን ገጹ ውስጥ በግልጽ አትጻፉት። የኮምፒውተር ተማሪ የመጀመሪያ ብልሃቱ የገጹን ምንጭ ኮድ ከፍቶ ማየት ነው፤ ያያልም። መልሱን ሻ-256 በሚባለው ስሌት ፈጭታችሁ አስቀምጡት፤ የተፈጨ ጤፍ ተመልሶ ፍሬ እንደማይሆን ሁሉ፣ ፊደል ከቀላቀለው ከዚያ ረጅም ቁጥር መልሱን በቀጥታ መልሶ ማውጣት አይቻልም። ልጁ ያን ቁጥር አግኝቶ «ይህ ምንድን ነው?» ሲል የደኅንነት ትምህርት አንድ ብሎ ጀመረ።

ሌላ የምጠነቀቅለት ነገር አለ፤ በዚህ ላይ ጨከን እላለሁ። ቁልፉ የሚከፈተው የሚፈለገውን እውቀት በመጠቀም ብቻ መሆን አለበት። በሥዕል መሐል የተደበቀ ቀይ ነጥብ ፈልጎ የሚከፈት ጓጉንቸር ጊዜ ያሳልፋል እንጂ አያስተምርም። ኪቦርዱን የያዘው ልጅ ብቻውን እንዳይጫወት ደግሞ በእያንዳንዱ ቁልፍ ኪቦርዱ እጅ ይለውጥ፤ በተለይ ሴቶቹ ልጆች ከኋላ ቆመው ነጋሪ ብቻ እንዳይሆኑ። ጨዋታው ሲያልቅም ወዲያው ወደ ቤት አይሄድም። መምህሩ በተከፈቱት በሮች አንድ በአንድ ተመልሶ ይሂድ፤ ይህን እንዴት ፈታችሁት፣ ያ ለምን እምቢ አላችሁ፣ ሌላ መንገድስ ነበረው ይበል። አያቶቻችን አገር ከተሰጣቸው በኋላ መልሱን የሚያብራሩባት ሰዓት እሷ ናት። እሷን የዘለለ ጨዋታውን ባይጀምረው ይሻላል።

መምህራን ሆይ፣ ጨዋታ ነው ብላችሁ አትናቁብን። ንግግራችሁን ተዉ አላልንም። ያስተማራችሁት ዘልቆ መግባቱን በሁለት ሰዓት ውስጥ በዓይናችሁ የምታዩበት ሌላ መንገድ ካለ አሳዩንና እንከተላችሁ።

ስለ ቡድኑ አንድ ነገር ልበል፤ ቀላል ነገር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2012 እና በ2013 በዚህችው በኬንያዋ ሞያሌ ግጭት ሲነሳ ሸሽተው ወደ ኢትዮጵያ የተሻገሩ ነበሩ። በመጋቢት 2010 ዓ.ም. ደግሞ ማዶ በሰላማዊ ሰዎች ላይ ጥይት ተተኩሶ በሺዎች የሚቆጠሩ ልጅ አዝለው ወደዚህ መጡ። የዛሬዎቹ የኮምፒውተር ተማሪዎች ያኔ የታዘሉት ወይም እጃቸውን ተይዘው የሮጡት ናቸው። አንድ ጨዋታ ቂም ያድናል ብዬ አልዋሽም። ነገር ግን የፊደሉን ቁልፍ አማርኛ የምታነበው፣ የሰዓቱን ስዋሂሊ የለመደው፣ የቱላውን የቦረናው ልጅ፣ የስልኩን የገሪ ጎሳው ልጅ ካልፈቱት በሩ የማይከፈትበት ክፍል መሥራት እንችላለን። በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ለሁለት ሰዓት እርስ በርስ መፈላለግ ለእነዚህ ልጆች ትንሽ ነገር አይደለም። ስለዚህ ሕግ እናውጣ፦ ከድንበሩ ማዶ ያለ አንድ ሰው ሳይሞክረው ማንኛውም ቁልፍ ከአርባው አይቆጠርም።

አሁን ስም እየጠራሁ ልለምን።

ከቡሌ ሆራ፣ ከያቤሎው ቦረና ዩኒቨርሲቲ፣ ከናይሮቢ ለዕረፍት የምትመለሱ ተማሪዎች፦ ላፕቶፕ ያላችሁ እናንተ ናችሁ። ባለፈው ሴሚስተር በጣም ያስቸገራችሁን አንድ ርዕስ ምረጡ፤ ካስቸገረ ነገር ነው ጥሩ ቁልፍ የሚወጣው። ኢትዮጵያ ከተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች ጋር እ.ኤ.አ. በጁላይ 2024 በጀመረችው የአምስት ሚሊዮን ኮደሮች ሥልጠና የምስክር ወረቀት የያዛችሁም አላችሁ። ወረቀቱን ለሞያሌ ልጅ አንድ በር በመክፈት አሳዩት።

የሳይበር ቤት ባለቤቶች፦ በሳምንት አንድ ከሰዓት፣ ገበያ ሲቀዘቅዝ፣ አራት ማሽን ስጡን። ዛሬ አራት ልጅ በነፃ የተቀመጠበት ወንበር ነገ የሚያስገባላችሁን ደንበኛ አስቡ።

እማማ፣ ጋሼ፣ የቦረና ሽማግሌዎች፣ ሶማልኛ ተረት የምታውቁ እናቶች፦ ኮምፒውተር አናውቅም ብላችሁ እንዳትሸሹን። እንቆቅልሽ እንዴት እንደሚጠመድ ከእናንተ በላይ የሚያውቅ የለም። ፍንጩ የት ላይ ይጣል፣ ምን ያህል ይሸፈን፣ ልጁ ተስፋ ሳይቆርጥ እስከምን ይፈተን፤ ይህ የኢንጂነር ዕውቀት አይደለም፣ የእናንተ ነው። አንድ ምሽት ስጡን፣ ቡናውን እኛ እናፈላለን።

አዲስ አበባ፣ ናይሮቢ፣ ሚኒያፖሊስ ሆናችሁ በሶፍትዌር እንጀራችሁን የምትጋግሩ፦ ገንዘብ አልጠየቅናችሁም። የአንድ ቅዳሜ ጠዋት ጠየቅናችሁ። ልጆቹ የሠሩትን ቁልፍ ሰብራችሁ ደካማ ጎኑን ጻፉላቸው። እናንተ የሰበራችሁትን እነሱ ያጠነክሩታል።

በነሐሴ የመጀመሪያው ቅዳሜ ላይ አርባው ሁሉ ባይሞላም እንጀምር፤ አሥር ቢኖሩን በአሥሩ። ክፍሉ የሚከፈተው ከጠዋቱ 3 ሰዓት ነው፤ በአማርኛም በስዋሂሊም ያው ሦስት ነው።

እኔ የእኔን ቁልፍ ሠርቻለሁ። የፊደል ገበታው ዩኒኮድ ውስጥ በትምህርት ቤት ከምናውቀው ይሰፋል፤ ቈ እና ኈ የራሳቸው ቤት አላቸው፣ የትግርኛዎቹ ቐ እና ቘ ገብተዋል፣ ቨ ገብቷል፤ ስትቆጥሩ እነሱን እንዳትዘሉ። ፓይተን የሚያውቅ በአንድ መስመር ይደርስበታል፤ የማያውቅ በጣቱ ይቁጠር። መልሱ አንዲት ፊደል ናት፣ ለእናንተ ለሁላችሁም የተጻፈች።

እንቆቅልሽ፦ 4753።